ለአራስ የማይነገር

ሦስተኛ ልጄን የወለድኩት መቱ ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ሰሞን ነው። ለመውለድ ስሄድ መናኸሪያው በር ላይ ረዳቶች «ጎሬ! ጎሬ!» እያሉ ይጯጯኹ ነበር። ሕፃኑን ታቅፌ ስመለስ ሚኒባሶቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ የሚጮኽ የለም። ሊወስደኝ የመጣውን ባለቤቴን እንኳ አፉንና አፍንጫውን በአንገት ልብስ ጠቅልሎ ስላየሁት ለአፍታ ማንነቱ ጠፍቶብኝ ነበር።

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። መቱ ያመጣኝ ጋብቻ ነው። ባለቤቴ ጎሬ ተወልዶ ያደገ፣ ኬሚስትሪ የሚያስተምር፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚናገር ሰው ነው። የእኔ ኦሮምኛ ግን ከገበያ አያልፍም። «ሜቃ?» ብዬ ዋጋ እጠይቃለሁ፤ መልሱን በጣታቸው ያሳዩኛል። ከእናቴ ቤት እኔ ቤት ለመድረስ አውቶቡስ እየቀያየሩ፣ መንገድ ላይ እያደሩ መምጣት ነው። ሁለቱን ትልልቆች ስወልድ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ያረሰችኝ እናቴ ናት። ለዚህኛውም ጓዟን ሸክፋ ስትጠብቅ ትራንስፖርት ተከለከለ።

«ግድ የለሽም፣ ይከፈታል» አለችኝ በስልክ። «ለክርስትናው እደርሳለሁ።»

የምንኖርበት ግቢ የአንዲት ሙስሊም እናት ነው። ባላቸው ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ባልየው ካረፉ በኋላ እሳቸው ከፊት ለፊታችን ባለው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ልጆቼ አኮ ነው የሚሏቸው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ልጆቼ ኦሮምኛ የቀሰሙት ከእሳቸው ጉያ ነው፤ ቁርስ እኔ ቤት በልተው ሁለተኛውን ቁርስ እሳቸው ቤት ይበሉ ነበር።

በሽታው መጣ ሲባል ያንን ሁሉ ከለከልኩ። የሕፃኑን ጨርቅ የምናሰጣበት ገመድ ከበረንዳችን ምሰሶ እስከ አቮካዶው ዛፍ ተወጥሯል። «ከዚህ ገመድ ወዲያ አንድ እግር እንዳይሻገር» አልኳቸው። እትዬ እድሜያቸው ገፍቷል፣ ስኳር አለባቸው፤ እንደ እሳቸው ላለ ሰው በሬዲዮ የሚባለውን ሰምቻለሁ። እሳቸውም በፊናቸው አራስ ቤት በሽታ እንዳላስገባ ብለው ፈሩ። ገመዱ ሥር በርጩማ አኖሩና የገንፎውን ቅቤ፣ ከሁሩሙ ገጠር የሚመጣላቸውን ማር፣ በሰሐን የተከደነ ሾርባ እዚያ ላይ አስቀምጠው፣ ራቅ ብለው ይጣራሉ።

«አንቺ አራስ! ሳይበርድ ብዪ!»

«እትዬ፣ ጾም እኮ ነው።»

«የናንተን ጾም እኔ የማላውቅ መሰለሽ? ዕድሜዬን ሙሉ ግቢ የተጋራሁት ከክርስቲያን ጋር ነው። አራስ አትጾምም። ብዪ ብያለሁ!»

በዐቢይ ጾም ቅቤ መዋጥ ለእኔ ቀላል አልነበረም። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ያንቺ ጾም ልጁን ማጥባትሽ ነው። ብዪና አጥቢ። የቀረውን እኔ እጾምልሻለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም።

ቤታችን አንድ ክፍልና አንዲት ማድ ቤት ናት። ሦስት ልጅ፣ ሁለት ትልቅ ሰው፣ ከቆርቆሮው ላይ የማይጠፋ ዝናብ። ጨርቅ አይደርቅም። ባለቤቴ ቅርጫት ገልብጦ ከሰል ምድጃው ላይ ይደፋና የሕፃኑን ጨርቅ እያገላበጠ ያደርቃል። «ኬሚስትሪ የተማርኩት ለዚህ ኖሯል» ይላል። መሐለኛው ልጄ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ኮሮና የሚባለው ውሻ መስሎታል። በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ ያይና «ዛሬ ታስሯል?» ይለናል። ታጠብ ሲሉት ደግሞ ከባልዲው አይነሣም።

«አንተ ልጅ፣ ሳሙናውን በላኸው እንዴ?» ይለዋል አባቱ።

«እኔ አይደለሁም። ኮሮና ነው የበላው።»

ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዓይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ቃሏ «እማማ ዛሬ ትመጣለች?» ነው። እማማ የምትለው እናቴን ነው። የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። እንደ ልጆች ሁሉ ጣሪያ ላይ ወርውሪው ስላት እምቢ ብላ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አኖረችው። እማማ ናት የምትወረውርልኝ አለች። የፊተኛውን ባለፈው መስቀል መጥታ የወረወረችላት እናቴ ነበረችና፣ አዲሱ ጥርስ ቀጥ ብሎ የበቀለው በእሷ እጅ ነው ብላ አምናለች። ቀፎውን ትራሷ ሥር ታስቀምጠዋለች፤ ጠዋት ጠዋት እያንቀጫቀጨች «እማማ ዛሬ ትመጣለች?» ትለኛለች። እኔም «ለክርስትናው» እላታለሁ። እንደ ጸሎት ነበር፤ እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አልጠየቀችኝም።

እንቅልፍ ይዟት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በማግሥቱም አልጠየቀችም። አልጋቸውን ሳነጥፍ ቀፎውን አነሣሁት፤ ባዶ ነው።

«ጥርስሽስ?»

«ወረወርኩት።»

«ለእማማ አስቀምጬዋለሁ አላልሽም?»

የጠፋባትን ነገር እንደምትፈልግ ሰው አልጋው ሥር ገባች።

ከዚያ በኋላ ልጄ ሌላ ልጅ ሆነችብኝ። ወደ ገመዱ መቅረብ ተወች። እትዬ «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ከሩቅ እንኳ ልይሽ» ብለው ሲጠሯት እኔ ቀሚስ ውስጥ ትሸሸጋለች። እህል አልቀምስ አለች። የሷን ድርሻ ይዛ እኔ ጋ ትመጣና «አንቺ ብዪው» ትለኛለች። አጥሚቴን እስክጨርስ አጠገቤ ቆማ ኩባያውን ገልብጣ ታያለች። ሳጠባ ከሕፃኑ ጉሮሮ ላይ ዓይኗን አትነቅልም። ስልክ ከጮኸ ደግሞ ከማናችንም ቀድማ ሮጣ ታነሣና ለአባቷ ትሰጣለች። አንድ ቀን ስልኬን ፈልጌ ፈልጌ ጤፍ ዱቄት ውስጥ አገኘሁት።

«የበሽታው ወሬ ነው» አለ ባለቤቴ። «ሬዲዮውን ዝጊው። ልጅ ቤት ውስጥ ታጉሮ ሲውል እንዲህ ይሆናል።»

ዘጋሁት። ምንም አልተለወጠም። እናቴ እዚህ ብትሆን ምን እንደማደርግ ትነግረኝ ነበር ብዬ ብደውል ብደውል ስልኳ አይሠራም። ባለቤቴ ሕፃኑን እያቀፈ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ «ወንድምሽ ደውሎ ነበር። ሱባዔ ገብታለች፤ ስልክ አልያዘችም» አለኝ። እናቴ በየዓመቱ በጾሙ መጨረሻ ገዳም ገብታ እስከ ትንሣኤ አትወጣም። ስለዚህ አመንኩት። እንዲያውም ደስ አለኝ። ለእኔ የጾመችልኝን እዚያ እየጾመች ነው አልኩ በልቤ።

የልጄን ነገር ግን ለማን ልንገረው? ዛር ነው የሚል አለ፤ ዓይን ነው የሚል አለ፤ እኔ ሁለቱንም አላልኩም፤ ነገር ግን በጠርሙስ ያስቀመጥኩትን ጠበል ፊቷ ላይ ረጨሁ። ሳትሸሽ ተረጨችልኝ። ጠብታው ከአገጭዋ እየወረደ «ለሕፃኑም ርጪለት» አለችኝ።

ስቅለትን ቤታችን ውስጥ ሰገድን። በዘመኔ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የዋልኩበት ስቅለት ያ ብቻ ነው። እኔ አራስ ስለሆንኩ አልጋው ላይ ተቀምጬ ስጸልይ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች ምንጣፍ ላይ ይሰግዳሉ። መሐለኛው ከጥቂት በኋላ ግንባሩን መሬት እንዳስነካ እንቅልፍ ወሰደው፤ መቀመጫው ወደ ላይ፣ ፊቱ ምንጣፉ ላይ። ባለቤቴ ሳቁን መያዝ አቃተው። ትልቋ ግን አልሳቀችም። አባቷ በቃ እስኪላት፣ ካላትም በኋላ፣ ትወድቃለች ትነሣለች።

«ምን ብለሽ ነው የምትለምኚው?» አልኳት ውኃ ስሰጣት።

«አልነግርሽም» አለች። ድምፅዋ የእልኸኛ ልጅ ድምፅ አልነበረም። የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። አትጠይቂኝ የምትለኝ መሰለኝ።

ትንሣኤ ሲያልፍ ባለቤቴ፣ ሱባዔ የገባ ሁሉ በበሽታው ምክንያት ከገዳሙ እንዳይወጣ ተከልክሏል አለኝ። ከዚያ ሕፃኑን ጉንፋን ነካካው። ልጅ ያሳደገች ሴት ታውቀዋለች፤ አፍንጫው ይደፈናል፣ ጡቱን ይይዝና ይለቃል፣ ይናደዳል፣ ያለቅሳል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ከቁም ነገር አልቆጥረውም። በዚያ ሰሞን ግን አንድ ሕፃን ሲያስነጥስ ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። ባለቤቴ ገበያ ሄዷል። አቅፌው እየተንጎራደድኩ ጡቴን ደጋግሜ ሰጠሁት፤ ደጋግሞ ገፋው።

ትልቋ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል።

«ለምንድነው የማይጠባው?»

«እኔ እንጃ። እምቢ አለኝ» አልኳት። ሳላስብ ነው የመለስኩላት።

ፊቷ አመድ መሰለ። ዞራ በረንዳው ላይ ወጣችና ወደ እትዬ ቤት ጮኸች።

«አኮ! እኔ አልነገርኳትም! በማርያም አልነገርኳትም!»

ከዚያም ተመልሳ ገብታ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«ምኑን ነው ያልነገርሽኝ?»

በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ጣቶቿ ጉንጯ ውስጥ እስኪሰምጡ ድረስ ነው የያዘችው።

«ንገሪኝ፣ አልቆጣም።»

በጣቶቿ መሐል «ከነገርኩሽ ወተትሽ ይደርቃል» አለች። «ከዚያ ሕፃኑ…» ብላ ሳትጨርስ ተወችው።

አራስ ሴት መርዶ አትሰማም። በአገሬም እንዲሁ ነው፣ እዚህም እንዲሁ ነው፣ በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት እንዲሁ ነው። ክርስትና እስኪነሣ ይቆያል፤ ድንጋጤ ወተት ያሸሻል ይባላል። እኔ ራሴ በልጅነቴ ወንድሟ የሞተባትን አራስ ልጠይቅ ከእናቴ ጋር ሄጄ፣ እናቴ እዚያ ቤት ስትቀልድ ስትስቅ ቆይታ ከግቢው ስንወጣ አጥር ተደግፋ ስታለቅስ አይቻለሁ። ስለዚህ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ባዶው የክብሪት ቀፎ፣ የማይሠራው ስልክ፣ ሱባዔው፣ ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ያዞረው ፊት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ልጄ ጥርሷን ራሷ የወረወረችው የሚወረውርላት ሰው ስለሌለ ነው።

ልጮኽ አፌን ከፈትኩ። ልጄ ታየኛለች። ዓይኗ አፌ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ጡቴ ወረደ፤ ተመልሶ አፌ ላይ ወጣ። ብጮኽ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ነግረዋታል። በሥላሴ ስም ብዬ አፌን ዘጋሁት። ጩኸቱ ወደ ውስጥ ሲመለስ ያመመኝን እስከ ዛሬ ለማንም አስረድቼ አላውቅም።

«ነይ ወዲህ» አልኳት። «አንቺ አልነገርሽኝም። ቃልሽን ጠብቀሻል። እኔ ራሴ ነኝ ያወቅሁት።»

«መቼ?»

«ቀደም ብዬ።»

«ካወቅሽ በኋላ ወተትሽ አልደረቀም?»

«እዪዋ።»

ጡቴን ጨመቅ አደረግኩ። መጣ። ልጄ አንገቷን አስግጋ አየችው። እናቴ ስታደርገው እንዳየሁት ከዚያው ከወተቱ ለሕፃኑ አፍንጫ ጠብ ጠብ አደረግኩለት፤ አስነጠሰ፣ አለቀሰ፣ ተከፈተለት። ያዘኝ፤ አልለቀቀም።

«እየዋጠ ነው?» አለች።

«ጆሮሽን አስጠጊና ስሚ።»

ጆሮዋን ጉሮሮው ላይ አስጠጋች። ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። «እየዋጠ ነው» አለች ቀስ ብላ። እንደገና አዳመጠች። «አሁንም እየዋጠ ነው።» ከዚያ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጣለችና በእኩለ ቀን እንቅልፍ ወሰዳት። ሁለቱን እንደያዝኩ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ ፊቴ በእንባ ታጠበ።

እንዴት እንደሰማች የተረዳሁት በኋላ ነው። ባለቤቴ የወንድሜ ስልክ ሲመጣ ከቤት ወጥቶ፣ ገመዱን አልፎ፣ እትዬ በር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እናቴን ደም ግፊት በድንገት ጥሏት፣ በዚያው ቀን፣ በጥቂት ሰው ተቀብራለች። ይህን በኦሮምኛ ነው ያወሩት፤ እኔ እንዳልሰማ። ልጅቷ ጓሮ፣ ከቡናው እግር ሥር ነበረች። ሲያዩዋት እትዬ ጠርተው፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ወተቷ ይደርቃል፣ ሕፃኑ ይጎዳል አሏት። አባቷም አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁለቱም ረሷት። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብለው።

ባለቤቴ ያን ቀን ሽንኩርትና ጎመን ይዞ ሲገባ አየሁት። ፊቱ ከስቷል። የእኔን ሐዘን ተሸክሞ ጨርቅ ሲያጥብ፣ ሲያስቀኝ ከርሟል። ላመሰግነው ፈለግሁ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ላይ ይህን ጭነሃል ብዬ በያዝኩት ኩባያ ልወረውረውም ፈለግሁ። ሁለቱንም አላደረግሁም። ዐውቄያለሁ ብል የመጀመሪያ ጥያቄው ማን ነገረሽ የሚል ነው፤ ያኔ ሁሉም ዓይን የሚዞረው ወደ እሷ ነው። ክርስትናው ቀርቧል። እስከዚያ እሷና እኔ ምስጢሩን ያዝን።

እንግዲህ ትልልቆቹ ከእኔ ሲደብቁ፣ እኔና ልጄ ደግሞ ከትልልቆቹ ደበቅን። ባለቤቴ «እማማ ከሱባዔ ስትወጣ…» ብሎ ሲጀምር እሷ እኔን ታያለች፣ እኔ ገንፎዬን አያለሁ። የማለቅሰው ቧንቧው ጋ፣ ጨርቅ ሳጥብ፣ ውኃው ሲንሿሿ ነው። መሐለኛው አንዴ አየኝና «ኮሮና ነክሶሻል?» አለኝ። እህቱ ጎትታ ወሰደችው። ዛሬ አድጋለች፤ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው። ስልክ ሲጮኽ ግን አሁንም መጀመሪያ የምታየው የእኔን ፊት ነው።

ለክርስትናው አባቱ፣ የክርስትና አባቱና እኔ ብቻ ሄድን። እልልታ አልነበረም። ቄሱ ፈጠን ብለው አደረሱት፤ ሕፃኑ ውኃው ሲነካው ግቢውን በጩኸት ሞላው፤ ያ ጩኸት እልልታ ሆነልኝ።

መርዶው በማግሥቱ ንጋት ላይ መጣ። ደጁ ሲንኳኳ ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ጎረቤቶቹ በካፊያው ውስጥ፣ ከገመዱ ወዲያ፣ ተራርቀው ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። እትዬ የረመዳን ሱሁራቸውን እንደበሉ ጥቁር ሻሽ አስረው መጥተዋል። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ጽኚ» አሉኝ ጮክ ብለው፤ ከዚያ ርቀት ዝግ ባለ ድምፅ መናገር አይቻልም። «እናትሽን እግዚአብሔር ወስዷታል።»

አስቀድሜ የጨነቀኝ፣ እንዳልሰማ ሰው መስዬ መጮኼ ውሸት ይሆንብኛል ብዬ ነበር። መምሰል አላስፈለገኝም። ዘግቼው የነበረው ወጣ። በወጉ ቢሆን ሴቶቹ ሮጠው ይይዙኛል፣ ግራና ቀኝ ደግፈው አብረውኝ ይወዛወዛሉ። ማንም አልነካኝም። እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ ባሉበት ቆመው አለቀሱ። እኔ የበረንዳውን ምሰሶ ያዝኩ።

ቀሚሴን የሚጎትት እጅ ተሰማኝ።

«አጥብተሽዋል?» አለች ትልቋ።

«አጥብቼዋለሁ።»

«ክርስትና ተነሥቷል አይደል?»

«ተነሥቷል።»

«እንግዲህ ወተትሽ አይደርቅም?»

«አይደርቅም፣ እናቴ።»

ጥቂት አሰበች። አፏ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ በእጇ ያዘችው።

«አሁን እኔም ላልቅስ?»

እትዬ ሰሙ። «ያ ረቢ! ያ ረቢ፣ እኔ ይህችን ልጅ ምን አደረግኳት!» አሉ። ጎንበስ ብለው በገመዱ ሥር አለፉ፤ እርጥቡ ጨርቅ ሻሻቸውን ጎትቶ አወለቀው። አንድ ሰው «ኸረ እትዬ፣ ተከልክሏል» አላቸው። «ኮሮናው ይውሰደኝ!» አሉ። ልጄን አንሥተው ደረታቸው ላይ አደረጓት።

ያኔ አለቀሰች። የምታለቅሰው በኦሮምኛ ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ የተወችውን ቋንቋ መልሳ አመጣችው። የምትለው በሙሉ አልገባኝም፤ ጥርሷንና ጣሪያውን ደጋግማ ስታሳያቸው አየሁ። ከቤት ውስጥ ሕፃኑ ነቅቶ አብሮ ጮኸ። ልገባ ስዞር የቀሚሴ ደረት ርሶ ነበር፤ ወተቱ ሳልጠራው መጥቷል።